ከ8 ወደ 16 ጊጋ ባይት፦ ራም ካስጨመርኩ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ በከፈትኩት አነስተኛ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ዲዛይን ቤት ውስጥ ዋናው የሥራ መሣሪያዬ ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ላፕቶፕ ነው። ኅዳር 2017 ዓ.ም. ላይ፣ ሲገዛ ከነበረው አንድ ባለ 8 ጊጋ ባይት ራም (የተከፈቱ ሥራዎችን ለጊዜው የሚይዝ የማስታወሻ ካርድ) ጎን ሌላ 8 ጨምሬ 16 አደረስኩት፤ ይህን የምጽፈው ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ ነው። በመካከሉ አንድ የጥር ሠርግ ወቅት፣ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞንና አንድ የመውሊድ ባነር ግርግር ስላለፈበት፣ በገዛሁ ሳምንት ልጽፈው እችል ከነበረው የተለየ ነገር የምልበት በቂ ጊዜ አግኝቻለሁ።

መነሻው ላፕቶፑ «ስታክ» ማድረጉ ነበር። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያመጣው መቶ ሃምሳ ገጽ ጽሑፍ በወርድ ተከፍቶ፣ በፎቶሾፕ የሠርግ መጥሪያ ተዘርግቶ፣ በክሮም ደግሞ ቴሌግራምና አሥር ያህል ገጾች ባሉበት ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር፣ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ስምንትም አሥርም ሰከንድ ይቆይ ነበር፤ ደንበኛው አጠገቤ ተቀምጦ ስክሪኑን እያየ ደግሞ አሥር ሰከንድ ረጅም ነው። ያሳየሁት የጥገና ልጅ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ጋሼ፣ ፎርማት ቢደረግ ይሻለዋል» አለኝ። ፎርማት በእኛ ዘንድ ለራስ ምታትም ለሆድ ቁርጠትም የሚታዘዝ መድኃኒት ስለሆነ አልተገረምኩም፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ ችግሩ በሳምንቱ ተመልሶ ስለነበር እሺ አላልኩም።

ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ለአንድ ሳምንት ታስክ ማናጀር የተባለውን የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ ከፍቼ፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት የሜሞሪውን (የራሙን) ቁጥሮች በደብተር ላይ እመዘግብ ጀመር። ብዙ ሰው የሚያየው በሥራ ላይ ያለውን መጠን ብቻ ነው፤ እሱ በእኔ ላፕቶፕ 7.4 አካባቢ ደርሶ ይቆም ስለነበር «ገና አልሞላም» ያሰኛል። እውነቱን የሚናገረው ከሥሩ «ኮሚትድ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ይህ ፕሮግራሞቹ በጠቅላላው የጠየቁትን መጠን ያሳያል፣ በእኔም መዝገብ ላይ በተደጋጋሚ ከ12 ጊጋ ባይት በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ራሙ 8 ሆኖ የተጠየቀው 12 ሲሆን ዊንዶውስ የማይበቃውን ወደ ዲስክ ያወጣዋል፣ ሲፈለግም መልሶ ያነበዋል፤ ያ ነጭ መስኮት ይህ ሲገለበጥ የሚጠፋው ጊዜ ነበር። ኤስኤስዲ የተባለው ዲስክ ፈጣን ነው ቢባልም ከራም ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የባነሩን ጉዳይ በወረቀት ላይ ካሰላሁት በኋላ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። 3 በ1 ሜትር የሆነ ባነር በ150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 150 ነጥብ) ሲዘጋጅ 17,717 በ5,906 ፒክስል፣ ማለትም ወደ 105 ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል። ለኅትመት በአራት ቀለም ሲሠራ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚወስድ፣ ሙሉውን ስፋት የሚሸፍን አንድ ሌየር (በላይ በላይ ከሚደረቡት የምስል ንጣፎች አንዱ) ብቻውን ወደ 420 ሜጋ ባይት ይይዛል፤ አምስቱ ሲደራረቡ፣ ፎቶሾፕ ሥራን ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስቀምጠው ሳይቆጠር፣ ከ2 ጊጋ ባይት ያልፋሉ። ይኸው ባነር በ72 ዲፒአይ ቢሠራ አንዱ ሌየር 96 ሜጋ ባይት ገደማ ብቻ ነው፤ ከመንገድ ማዶ ለሚነበብ ባነር ደግሞ 72 ይበቃል። ይህን አስቀድሜ አስልቼ ቢሆን ኖሮ የችግሩን ግማሽ ያለ ምንም ወጪ እፈታው ነበር። ዛሬ የሙያ ባልደረባ «ራም ልጨምር ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የፋይሉን ዲፒአይ ነው።

ሲገዛ ዋናው ጥያቄ ላፕቶፑ ስሎት (የራም ካርድ የሚሰካበት ቦታ) አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ቲ480 ሁለት ስሎት አለው፤ ስሙ የሚያሳስተው ቲ480ኤስ ግን አንዱ ራም ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ጋር የተበየደ ሆኖ አንድ ስሎት ብቻ ነው ያለው፣ ኤክስ1 ካርቦን የተባለው ሌላው ቲንክፓድ ደግሞ ሁሉም የተበየደ ነው። አንድ ወዳጄ የእሱም እንዲጨመርለት ከሐይቅ ድረስ ይዞልኝ የመጣውን ቀጭን ላፕቶፕ ከፍቼ ስሎት የሚባል ነገር ስላጣሁበት፣ ሻይ ጋብዤው ብሎኖቹን መልሼ አሠርኩለት። ቀጥሎ የሚታየው ዓይነቱ ነው፤ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የተባሉት የራም ትውልዶች የጎድጓዳቸው ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም፣ የዴስክቶፑም ካርድ ከላፕቶፑ ይረዝማል። ፍጥነት ላይ ግን ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ የእኔ ፕሮሰሰር የሚቀበለው 2400 ስለሆነ 2666 የተጻፈበት ካርድ ቢገባም በ2400 ይሠራል። ዋጋውን በተመለከተ፣ የገዛሁት ያገለገለ ካርድ ስለነበር ከአንድ የሠርግ መጥሪያ ሥራ ከማገኘው ያነሰ ነው የከፈልኩት።

የገጠምኩት ራሴ ነኝ። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው፤ የኋላው በእጅ ይወጣል፣ ውስጠኛው ግን ክዳኑ ሳይከፈት የማይደረስበት ስለሆነ በባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው የላፕቶፑ ቅንብር) በኩል ማጥፋት ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ1 ተጭኜ፣ «ኮንፊግ» ከዚያም «ፓወር» ከሚለው ሥር ውስጠኛውን ባትሪ የሚያጠፋውን መረጥኩ፤ ወዲያው ራሱ ጠፋ፣ ቻርጀር እስኪሰካበት ድረስም አይነሳም። የደሴ የኅዳር ብርድ ሹራብ የሚያስወልቅ ባይሆንም፣ ሹራቡ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳይጎዳ አውልቄ የውኃ ቧንቧውን ብረት ነካሁ። በካቻቢቴ የፈታኋቸው ብሎኖች ከክዳኑ ጋር ተያይዘው ስለሚቀሩ የመጥፋት ሥጋት የለም፤ የሚያስቸግረው የክዳኑ ጠርዝ ነው፣ እኔ በአሮጌ የሞባይል ካርድ ዙሪያውን እያስለቀቅኩ አነሳሁት። ካርዱ በሠያፍ ይገባል፤ የወርቃማው ጥርሶቹ መስመር ለጥቂት እስኪሰወር ከተገፋ በኋላ ወደ ታች ሲጫኑት የግራና የቀኙ መያዣ «ቀጭ» ብሎ ይቆልፈዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍተው ስክሪኑ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጥቁር ሆኖ ቆየ፤ ላቤ ጠብ ቢልም፣ አዲስ ራም ሲያገኝ ራሱን የሚያስተካክልበት ጊዜ እንደሆነ በኋላ ተረድቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ግን ደስ የሚል አልነበረም። ላፕቶፑ በቀን አንዴም ሁለቴም በሰማያዊ ስክሪን ላይ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚል ጽሑፍ እያሳየ ይጠፋ፣ ወደ ፍላሽ የገለበጥኩት ፋይልም አልከፈት ይል ጀመር። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ተበላሽቶ ከመመለስ የከፋ ነገር በዚህ ሥራ የለም። የዊንዶውስ የራሱ መፈተሻ «ችግር አልተገኘም» ቢለኝም፣ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ ጭኜ ሌሊቱን ሳሳድረው ጠዋት ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞልቶ አገኘሁት። ካርዶቹን አንድ በአንድ፣ በሁለቱም ስሎት ስፈትሽ የቀድሞው ካርድ በየትኛውም ንጹሕ፣ አዲስ የገባው ደግሞ በየትኛውም ስህተት የሚያወጣ ስለነበር፣ ጥፋቱ የስሎቱ ሳይሆን የካርዱ መሆኑ ተለየ። የሸጠልኝ ሰው መጀመሪያ «ሠርቶ ከወጣ አይመለስም» ብሎ ተከራከረኝ፤ በሦስተኛው ምልልስ ግን በስልክ ያነሳሁትን የቀይ መስመሩን ፎቶ አይቶ ቀየረልኝ። አሁን ያገለገለ ራም ስገዛ የመቀየሪያውን ቀን በደረሰኙ ላይ አስጽፋለሁ፣ በዚያው ሌሊትም እፈትሻለሁ። የተቀየረው ካርድ ባለ 2666 ሳምሰንግ ነው፤ ከነባሩ ባለ 2400 ኤስኬ ሃይኒክስ ጋር እስካሁን ያለ አንዳች ጠብ አብሮ እየሠራ ነው።

ውጤቱ ከሁሉ በላይ የታየው በመሻገሩ ላይ ነው። ወርድ፣ ፎቶሾፕና ክሮም አንድ ላይ ተከፍተው ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ ነጩ መስኮት የለም፤ በሥራ ላይ ያለው መጠን በአብዛኛው በ10 እና 11 መካከል ይውላል፣ በመውሊድ ሰሞን ሦስት ባነር በአንድ ጊዜ ከፍቼ እንኳ ያየሁት ከፍተኛው ቁጥር 13.6 ነው። ስለዚህ 32 ለእኔ ሥራ ትርፍ ወጪ ነበር። ሁለት እኩል ካርድ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ፣ በአንዱ ካርድ በሰከንድ 19,200 ሜጋ ባይት የነበረው የማስተላለፍ አቅም በእጥፍ ያድጋል፤ ይህ በቁጥር ትልቅ ቢመስልም በዓይን የታየኝ ትልቅ ምስል ሲጎላና ሲንቀሳቀስ ባለው መጠነኛ ለስላሳነት ብቻ ነው።

ያልተለወጠውንም መናገር ይገባል። ላፕቶፑ ለመነሳት የሚፈጅበት ጊዜ ያው ነው። መቶ ሃምሳ ገጽ ጽሑፍ ወደ ፒዲኤፍ ለመለወጥም በፊት የሚወስደው አርባ ሰከንድ አሁንም አርባ ነው፤ ያ የፕሮሰሰሩ ሥራ ነውና። ለሥራ ከደሴ ይበልጥ ወደምትሞቀው ኮምቦልቻ ስወርድ ማራገቢያው የሚጮኸውም እንደ ድሮው ነው። እንዲሁም በዚህ ወር፣ ጥቅምት 4 ቀን፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል፤ የእኔ ባለ 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል፣ ባለ 7ኛ ትውልድ ቲ470 ለያዘ ሰው ግን ራም መጨመር ይህን አይፈታለትም።

ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር የመብራት ጉዳይ ነው። ራም የያዘውን የሚያቆየው ኃይል እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው፤ መብራት ጠፍቶ «ስሊፕ» (ሳይጠፋ በእንቅልፍ) ላይ የተተወ ላፕቶፕ ባትሪው ሌሊት ካለቀበት፣ ያልተቀመጠ ሥራ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። አንድ ጊዜ የመጥሪያ ሥራ እንዲህ ካመለጠኝ ወዲህ ማታ ማታ «ሃይበርኔት» አደርገዋለሁ፤ እሱ የራሙን ይዘት ወደ ዲስክ ጽፎ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ሆኖም ዊንዶውስ ለዚህ የሚያስቀምጠው ፋይል ካልቀየሩት በቀር ከራሙ 40 በመቶ ስለሚሆን፣ ራሙ 8 ሳለ 3.2 የነበረው አሁን 6.4 ጊጋ ባይት ሆኗል። በ256 ጊጋ ባይት ዲስኬ ላይ የቀረኝ ባዶ ቦታ 14 ስለሆነ፣ የዓመቱ ቀጣይ ወጪዬ ዲስክ ነው።