ከቦሌ ወደ ደለስ፣ ከደለስ ወደ ቦሌ

በለገጣፎ ሰፈራችን አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት በመሆኑ፣ መሄጃው ከመመለሻው ለምን ይረዝማል የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ (ቴክሳስ ካለው ዳላስ ጋር እንዳይምታታ) ያለው አጭሩ የአየር መስመር ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ይህ ልኬት በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ነው።

ልዩነቱን የሚፈጥረው በዋናነት የመነሻው ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ በስሱ አየር ውስጥ ክንፉ የሚያገኘው የማንሣት ኃይልም ሆነ ሞተሩ የሚያመነጨው ግፊት ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ስለሚቸግረው፣ በተለያዩ ዓመታት እንደ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች ነዳጅ ለመሙላት ሲያርፍ ቆይቷል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም ስለሚያግዝ፣ መመለሻው ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለአረጋዊ መንገደኛ የሚመቸው፣ በእኔ ግምት፣ ይኸኛው ነው።

ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ በመሆኑ የመሄጃውን ችግር በከፊል ሊያቃልል ይችላል፤ ርቀቱ ግን ይህን ያህል አይለወጥም።