ፕሮሰሰሩ ሲግል፦ ጽዳትና አዲስ ፔስት ወይስ አዲስ ኩለር?

የቤት ዴስክቶፕ ይግላል፣ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም በራሱ ይጠፋል። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ። ታዲያ ማጽዳት ይሻላል ወይስ ኩለሩን (የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ) መቀየር?

ወጪ፦ ለጽዳት ብሩሽ፣ አልኮልና አንድ ቱቦ ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ይበቃል። አዲስ ኩለር ግን ኪስ ይነካል።

ድካም፦ ለጽዳት ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ አቧራውን ታራግፋላችሁ። ኩለሩን አንስታችሁ የደረቀውን ፔስት በአልኮል ጠርጋችሁ አተር የምታክል ጠብታ ፕሮሰሰሩ መሃል ላይ ታደርጋላችሁ። አብዝቶ መለቅለቅ አይጠቅምም። ኩለር መቀየርም ይህንኑ ሥራ ይጠይቃል፤ አንዳንዱማ ማዘርቦርዱን ካላወጡ አይገጠምም።

ስጋት፦ እዚህ ላይ አደራ! በኤኤም4 ሶኬት (የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች መሰኪያ) ላይ የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከኩለሩ ጋር ያጣብቀዋል። በኃይል ወደ ላይ ከተሳበ አብሮ ተነቅሎ እግሮቹ ሊጣመሙ ይችላሉ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ትንሽ አሠሩት፣ ሞቅ ሲል አጥፍታችሁ ከኤሌክትሪክ ንቀሉት፣ ከዚያ ኩለሩን በቀስታ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት። አዲስ ኩለር ስትገዙ ደግሞ ከሶኬቱ ጋር መስማማቱንና ለኬዙ (ለኮምፒውተሩ ሳጥን) አለመርዘሙን አረጋግጡ። ከሥሩ ላስቲክ ካለው መላጥ አትርሱ።

ለዓመታት ደህና ሠርቶ ቀስ በቀስ መጋል ለጀመረ ኮምፒውተር ጽዳቱን እመርጣለሁ። ፋኑ መዞር ካቆመ፣ ፕሮሰሰሩ በኃይለኛ ከተቀየረ፣ ወይም ከጽዳት በኋላም ሙቀቱ ካልወረደ ግን ኩለር ግዙ።