ከፍራንኮ ጀርባ ያሉት የካርቡሬተር መካኒክ

አዳማ ውስጥ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለው ዕቃ) ያለው ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ካላችሁ፣ ፍራንኮ ከሚባለው ቦታ ጀርባ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለችውን ትንሽ ጋራዥ እወቋት። ታፔላ የላትም። የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ረጅም የብረት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ አሮጌ ካርቡሬተሮች፤ በቃ። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። እኔም እዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ባጃጇ የኔ ናት፤ የሚነዳት ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ደመወዜ ከቤት ኪራይ ብዙም አያልፍም፣ ስለዚህ የባጃጇ ገቢ ለቤታችን ትርፍ ሳይሆን ዋናው እንጀራ ነው። አንድ ቀን ስትቆም የወሩ አስቤዛ ላይ ይታያል። ስለ አንድ መካኒክ ይህን ያህል የምጽፈው ለዚህ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ጠዋት ያለ ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛው) አትነሳም። ተነስታም ቾኩ ሲመለስ ትጠፋለች። ከሞቀች በኋላ ደግሞ ሚኒሞዋ፣ ነዳጅ ሳይሰጣት ቆማ የምትዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ይላል፤ ወንድሜ ነዳጅ መስጠት አቁሞም ሞተሩ መጮሁን ቶሎ አይተውም። ቁልቁለት ላይ እጁን ሲያነሳ የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ጧ ጧ ይላል። ተራ ላይ ቆማ ትግላለች። ሚኒሞ ላይ ቆይታ ካንዴላው (እሳት የሚረጨው) ሲፈታ ነጭ ነው፣ አመድ የመሰለ ነጭ።

እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ሲመጡ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ አየሩ በዝቷል፣ ቤንዚኑ አንሷል። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። በተግባር ሞተር ጭነት ላይ ሲሆን ከዚህም ትንሽ በዛ ያለ ቤንዚን ነው የሚመቸው። ቤንዚኑ ሲያንስ ጉልበት ይጠፋል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ሲቆይ ባልቦላና ፒስተን ይጎዳል። አሮጌዎቹ ባለ ሁለት ምት ባጃጆች ላይ ደግሞ የባሰ ነው፤ ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ፣ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል።

ጋሼ ጋ ከመድረሳችን በፊት ሌላ ቦታ ሄደን ነበር። ስማቸውን መጥቀስ አልፈልግም። አንደኛው ጋራዥ ገና ሳያያት «አዲስ ካርቡሬተር ግዙ» አለን። ሁለተኛው ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን በልክ የሚያሳልፈውን የዋናውን ጄት ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አሰፋው። ቤንዚን ካነሰ ቀዳዳውን ማስፋት ነው የሚል ሐሳብ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ባጃጇ ነዳጅ ሙሉ ሲሰጣት ጥቁር ጭስ ትተፋ ጀመር፣ የቀኑ ቤንዚን ወጪ ናረ፣ ጠዋት ግን ያው እንደ በፊቱ ያለ ቾክ አትነሳም። ሁለት ተቃራኒ በሽታ ይዛ ማለት ነው። ገንዘቡም ጊዜውም ሄደ፤ በዚህ ነገር አሁንም እናደዳለሁ።

ጋሼ መጀመሪያ ካቻቢቴ አላነሱም። ጠየቁ። «መቼ ነው የምታስቸግርህ? ሚኒሞ ላይ? ትንሽ ስትሰጣት? ወይስ ሰጥተህ ሰጥተህ ስታበቃ?» ወንድሜ «ሁሌም» አላቸው። «ሁሌም የሚባል ነገር የለም ልጄ» አሉት። ከዚያ ነጭ ፕላስተር ቆርጠው የመሪው እጀታ ላይ ለጠፉ። በእስክሪብቶ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ ብለው አሰመሩ። ከኋላ ተቀመጡና «ንዳ» አሉት። እየነዳ በየመስመሩ ላይ እጁን እንዲያቆም፣ ያስቸገረችበትን እንዲነግራቸው አደረጉ።

እኔን የማረከኝ ይህ ነው። ካርቡሬተር አንድ ቀዳዳ ብቻ አይደለም። ከሚኒሞ እስከ ሩብ ያለውን በአብዛኛው የሚመግበው ትንሹ የሚኒሞ ጄት ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ሥራው የመርፌው ነው፤ ከፍ ዝቅ እያለ ቤንዚኑን ይመጥናል። ከዚያ በላይ ዋናው ጄት ነው። እንግዲህ የኛ ባጃጅ የምታስቸግረው ታች ከሆነ፣ ዋናውን ጄት ማስፋት ምን ይጠቅማል? የታመመው ሌላ፣ የታከመው ሌላ። ጋሼ ይህን ሁሉ ሲያስረዱን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ የቀደመውን መካኒክም አልሰደቡም። «እሱ ቸኩሎ ነው» ብቻ አሉ።

ተመልሰን ስንገባ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ትተው፣ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ዙሪያ የካርቡሬተር ማጠቢያ ስፕሬይ ጠብ ጠብ አደረጉ። ከላይ ሲነፋ ምንም የለም። ከጎን ምንም የለም። ከሥር ሲነፋ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። ስፕሬዩ ራሱ የሚቃጠል ነገር ስለሆነ፣ ቀዳዳ ካለ ተስቦ ይገባና ሞተሩ ያንን ያቃጥለዋል፤ ድምፁ የሚለወጠው ለዚህ ነው። ጎማው ተፈትቶ ሲታጠፍ ስንጥቁ ታየ። ሳይታጠፍ በዓይን አይታይም። ሞተሩ ካርቡሬተሩ ያልለካውን አየር በዚያ ስንጥቅ እየሳበ ነበር። ሚኒሞ ላይ የሚያልፈው አየር ትንሽ ስለሆነ ሾልኮ የሚገባው ጎልቶ ይታያል፤ ነዳጅ በደንብ ሲሰጥ ግን ከብዙው አየር ጋር ተቀላቅሎ ይደበቃል። ሁለተኛው ጋራዥ የተሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ጎማው ተቀየረ። የተሰረሰረው ጄት ወጥቶ ቁጥሩ ከፋብሪካው ጋር የሚገጥም ተገባ፤ ጄት ላይ የመጠን ቁጥር ተጽፎበታል፣ እናንተም ስትገዙ እዩት። የሚኒሞ ጄቱ ቆሽሾ ስለነበር ታጠበ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጋሼ ሽቦ አይጠቀሙም። ጄት ነሐስ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሽቦ ይጭረውና ልኩን ያጠፋዋል። ማጠቢያ፣ የላስቲክ ብሩሽ ክር፣ ከዚያ ኮምፕረሰር። መጨረሻ ላይ ሞተሩ በደንብ ሞቆ እያለ የሚኒሞ ቅልቅሏን አስተካከሉ። «ቀዝቃዛ ሞተር ይዋሻል» ይላሉ።

እዚህ ላይ ሂሳብ ከፍለን መውጣት እንችል ነበር። ጋሼ ግን «ጭነህ ወንጂ ወርደህ ተመለስ፣ ከዚያ ንገረኝ» ብለው ወንድሜን ሰደዱት። ደግ አደረጉ። ሲመለስ ዳገቱ ላይ፣ ነዳጅ ሙሉ ተሰጥቷት ቆይታ ቆይታ ደከመች። ቆም አድርጎ ትንሽ ሲጠብቅ ደግሞ ጤነኛ ሆነች። ይህ ሌላ በሽታ ነው። በፊት ሰፊው ጄት ሸፍኖት የኖረ።

ጋሼ ወሬውን ሲሰሙ ካርቡሬተሩን አልነኩም። የታንከሩን ክዳን ከፈቱ። ፍስስ አለ፤ አየር ወደ ውስጥ ሲገባ። ቤንዚኑ ከታንከር ሲወርድ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ክዳኑ ላይ ለዚህ የተሠራች ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ አቧራ ደፍኗታል። ስለዚህ ብዙ ቤንዚን ሲፈለግ ታንከሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ቤንዚኑ መውረድ ያዳግተዋል፣ ሞተሩ ይራባል። ሲቆም ቀስ ብሎ ይመለሳል። አዳማ ደግሞ የነፋስና የአቧራ ከተማ ናት። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የቆሙትን፣ አዳማ 2 ብቻውን 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራበትን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ፣ አቧራውን ክዳናችንም ፊልትሯችንም ላይ ያመጣዋል። ቀዳዳዋን አጸዱ፤ ከዚያ የቤንዚን ቱቦውን ፈትተው ወደ ጠርሙስ አስወርደው አለመቆራረጡን አዩ። ዳገቱ ላይ የነበረው መድከም በዚሁ አለቀ።

አሁን ካንዴላው ሲወጣ የማኪያቶ ቀለም አለው። ጠዋት ቾኩ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፣ አትጠፋም። ወንድሜም ፊቱ ተመለሰ።

ስለ ከፍታም የነገሩን ይጠቅማል። እኛ ባጃጇን የገዛነው ከአዲስ አበባ አካባቢ ነው። እዚያ ከፍታው ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ አዳማ 1700 ገደማ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ የበዛ ይሆናል፤ ወደ ታች ስትወርዱ ይገለበጣል። ለከፍታ ተብሎ ጄቷ ያነሰ ባጃጅ ወደ ቆላ ስትወርድ ቤንዚን ያንሳታል። ወንድሜ «መተሐራ ሥራ አለ ይላሉ፣ ልውሰዳት?» ሲላቸው፣ «እዚያ ከ1000 ሜትር በታች ነው፤ ሄደህ ካንዴላዋን እይ፣ ነጭ ከሆነች አትሥራባት» አሉት። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ መካኒክ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

ወንድሜ ስልኩ ላይ በረዶ ላይ የሚሮጡ ስኖውሞቢሎችን ማየት ይወዳል። አንዱ ቪዲዮ ላይ ካርቡሬተር ኖሮት ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ ዕቃ) የተገጠመለት ማሽን ልክ እንደኛው ቤንዚን እያነሰው ሲያስቸግር አይቶ ለጋሼ አሳያቸው። ጋሼ በረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር ነክተው አያውቁም። ግን መጀመሪያ የጠየቁት ያንኑ ነው፤ «መቼ ነው የሚያንሰው?» ተርቦው ሲነፋ ነው አላቸው። «እንግዲያው ተርቦው አየሩን በግፊት ወደ ካርቡሬተሩ ከላከ፣ ቤንዚኑ የሚቀመጥበት ሳህንም ያንኑ ግፊት ማግኘት አለበት፤ የፓምፑ ግፊት ደግሞ ከተርቦው መብለጥ አለበት። አለበለዚያ ቤንዚኑ ወደፊት አይሄድም» አሉት። ደግሞም ችግሩ የሚመጣው ሞተሩ በጣም በሚለፋበት ሰዓት ስለሆነ ፒስተን ቶሎ ይቀልጣል አሉ። ትክክል ናቸው። ግፊት ያለው ማንኛውም ሥርዓት ላይ የሚያፈስ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ መጀመሪያ መታየት አለበት ብለውም ጨመሩ። የኛ ባጃጅና ያ ውድ ማሽን በአንድ ጥያቄ ተመረመሩ።

አሁን የማይመቹኝን ልናገር። ጋሼ ይዘገያሉ። ጠዋት ያስገባችሁት ከሰዓት ሊያልቅ ይችላል፣ ካልረኩ አይለቁም። ወረፋው በመጣችሁበት ቅደም ተከተል ነው፤ ስልክ ደውላችሁ ቦታ መያዝ የለም። መቀመጫው አንድ አግዳሚ ነው፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ያርፍበታል። ደረሰኝ አይሰጡም፤ ለድርጅት መኪና የምትይዙ ይህን እወቁ። መለዋወጫም አያከማቹም። ጎማውን እኔ ራሴ ከገበያ ገዝቼ ነው ያመጣሁት፣ የመጀመሪያው ሞዴሉ ስላልገጠመም መመለስ ነበረብኝ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ለጎን አስለኩ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን እሳት ነው። የሞቀ ሞተር ላይ ስፕሬይ ይነፋል፣ ረዳት ልጆቹ እቃ በቤንዚን ያጥባሉ፣ ያለው ግን አሸዋ የሞላ ባልዲ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። «ቲቸር፣ እውነትሽን ነው፣ እገዛለሁ» ብለውኛል። እስካሁን አላየሁም። እሳት ማጥፊያ የግድ ነው፤ የምወዳቸው ሰው ስለሆኑ ደጋግሜ እላቸዋለሁ።

ዋጋው? የእጃቸው ክፍያ ባጃጇ በአንድ ቀን ከምታስገባው ያንሳል። ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ አይቀበሉም። አዲስ ካርቡሬተር ብንገዛ ኖሮ ይህን ብዙ እጥፍ እናወጣ ነበር፣ ስንጥቁ ጎማም እዚያው ይቀር ነበር።

በካርቡሬተር ፋንታ ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚመጥን ኢንጀክሽን ያላቸውን አዳዲሶቹን አይነኩም። «እሱን ኮምፒውተር ያለው ይየው» ብለው ይመልሱአችኋል። ካርቡሬተር ከሆነ ግን ቅዳሜን ትታችሁ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ፣ ቅዳሜ ወረፋው እስከ ውጭ ይደርሳል። ስትሄዱ ካንዴላዋን አትቀይሩ፣ ካርቡሬተሯንም አታጥቡ። ሞተሯ እንደታመመች ትድረስላቸው፤ ነጩን ካንዴላ ራሳቸው ማየት ይፈልጋሉ።