የሲሪያል ካርድ ከስምንት ወር በኋላ፦ ተገልብጣ የታተመች አንዲት የመደመር ምልክት

ሁለት ካርድ፣ ስምንት ወር። ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ የሚያናግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቦርዱ ላይ ተገልብጣ የታተመች የመደመር ምልክት። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ስለ ደህና ነገር ደግሞ ብዙ አይወራም።

ካርዱ በአሮጌ ኮምፒውተር የአይሳ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) ላይ ይሰካል፤ የሚሸጠው በኪት ነው፣ መበየዱ የገዢው ሥራ ነው። ውስጡ አንድ 16550 ዩአርት (ዳታን ቢት በቢት የሚልክና የሚቀበል አይሲ)፣ 1.8432 ሜጋኸርዝ ክሪስታል፣ አድራሻ የሚለይ 74ኤችሲቲ688፣ ዳታ የሚያሳልፍ 74ኤችሲቲ245፣ ሁለት ማክስ232 (ለሲሪያል መስመሩ ቮልቱን የሚያዘጋጁ አይሲዎች) እና ባለ ዘጠኝ ፒን ሶኬት አለ። አንዱ ደሴ ውስጥ 386 ኮምፒውተር ላይ ማውስ ያንቀሳቅሳል፤ ሌላው ኮምቦልቻ 486 ላይ ከዕቃ ሚዛን ጋር ይነጋገራል።

ዩአርቱ እውነተኛ ነው፤ ይህን ልመስክርለት። ጀርባው ተፍቆ 16550 የተባለ 16450 በየገበያው ስላለ መፈተሽ ግድ ነው። በዶስ ዲበግ አድራሻ 3ኤፍኤ ላይ 1 ጽፎ ከዚያው ማንበብ ይበቃል። ሲ1 ከመጣ 16 ባይት የሚይዘው ቋት አለ። 01 ከመጣ የተሸጠላችሁ ያለ ቋት ነው። 81 ከመጣ ቋቱ ስህተት ያለበት የመጀመሪያው 16550 ነው። የኔዎቹ ሁለቱም ሲ1 መልሰዋል።

አሁን ወደ ምልክቷ። ማክስ232 ከ5 ቮልት ብቻ ተነስቶ ወደ 10 ቮልት የሚጠጋ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ራሱ ያመርታል። ይህን የሚያደርገው በአራት ባለ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች ነው፤ ይህ ክፍሉ ፓምፕ ይባላል። መጀመሪያ 5ን እጥፍ አድርጎ ፒን 2 ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ያንኑ ገልብጦ ፒን 6 ላይ ኔጋቲቭ ያወጣል። ፒን 6 ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት) በታች ስለሆነ እዚያ ያለው ካፓሲተር ፖዘቲቭ እግሩ ግራውንድ ላይ፣ ኔጋቲቭ እግሩ ፒን 6 ላይ መዋል አለበት። በዚህ ቦርድ የመጀመሪያው ማክስ232 ጋ የታተመው ተቃራኒው ነው። ሁለተኛው ጋ ትክክል ነው። ስለዚህ የነደፈው ሰው አያውቅም አይባልም፤ ቸኩሏል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እዚህ የቸኮለው ነዳፊው፣ የሚያፈሰው ካፓሲተሩ፣ የሚለቅመው ግን ገዢው ነው።

ከኪቱ ጋር የሚመጡት ኤሌክትሮላይቲክ (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ እግራቸው የተለየ) ካፓሲተሮች ናቸው፤ ምልክቱን አምኖ የበየደ ሁሉ ገልብጦ በይዷል። ኤሌክትሮላይቲክ ከተገለበጠ ይፈነዳል የሚባለው እዚህ አይሠራም፤ የማክስ232 ፓምፕ ከጥቂት ሚሊአምፔር በላይ ስለማይገፋ ለማፈንዳት አቅም የለውም። ቢፈነዳማ በተሻለ፤ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር። ካፓሲተሩ ቀስ በቀስ ማፍሰስ ይጀምራል። ፒን 6 ላይ በአዲስነቱ ከ7 ቮልት በላይ የነበረው ኔጋቲቭ በስምንተኛው ወር 3 ሆኗል። ኔጋቲቩ የሚወለደው ከፖዘቲቩ ነውና ፖዘቲቩንም ይዞት ይወርዳል፤ ከ9 ወደ 6። የኮምቦልቻው ካርድ ከደሴው ቀድሞ ደክሟል። ይህም አይገርምም፤ ካፓሲተር ሲሞቅ የበለጠ ያፈሳል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ እንደ ደሴ ጋቢ የሚያስደርብ አገር አይደለም።

ሻጩ ምን እንደሚል ይታወቃል። «አብሽር፣ የሶኬቱን ፒን 2ና 3 አገናኝተህ ሞክረው፤ የጻፍከው ከተመለሰ ካርዱ ደህና ነው።» ይመለሳል! ዛሬም ይመለሳል። የሲሪያል መስመር ደንብ የሆነው የአርኤስ-232 መስፈርት 1 የሚባለው ቢያንስ 3 ቮልት ኔጋቲቭ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ነው ይላል። የማክስ232 ተቀባይ ድንበር ግን ከዜሮ በላይ፣ ከ1 ቮልት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ ዜሮ ቮልት ቢደርሰውም 1 ብሎ ያነበዋል። ኔጋቲቩ ሙሉ በሙሉ ቢሞት እንኳ ካርዱ ከራሱ ጋር ሲያወራ ይግባባል። ሁለት ኮምፒውተር በአጭር ገመድ ቢገናኙም እንዲሁ፣ በ115200 ፍጥነት ሳይቀር። በራስ ምስክርነት ዳኝነት የለም።

የሚጣላው ቮልቱን ለሥራ ከሚፈልግ ዕቃ ጋር ነው። የሲሪያል ማውስ የራሱ ኃይል የለውም፤ ፖዘቲቩን ከሶኬቱ ፒን 4ና 7፣ ኔጋቲቩን ከፒን 3 ይጠባል። ፒን 4 ከሁለተኛው ማክስ232 ስለሚመጣ ጤነኛ ነው፤ 3ና 7 ከታመመው ናቸው። በዚህ የተነሳ አንዱ ማውስ ደህና ሲሄድ ሌላው ይፈዛል፤ ሰውም ማውሱን ይጥላል። ሚዛኑ ጋ ነገሩ ይከፋል። መግቢያው ኦፕቶካፕለር (ምልክትን በብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ) ነው፤ ውስጡ ያለችው መብራት የምትበራው መስመሩ ኔጋቲቭ ሲሆን ነው፤ ጥቂት ሚሊአምፔርም ትፈልጋለች። 3 ቮልት ከፊቷ ያለውን ሬዚስተር አልፎ አያበራትም። ሚዛኑ ክብደት ይልካል፣ «ዜሮ ሁን» ሲባል ግን አይሰማም። እንዲህ የሚናገርና የማይሰማ ዕቃ ካጋጠማችሁ ፍጥነቱን ከ9600 ወደ 1200 ማውረድ ጊዜ ማባከን ነው፤ የጎደለው ቮልት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማሽኑ ይጥፋ፣ ካርዱ ይውጣ። የተገለበጠውን ካፓሲተር መልሶ መገልበጥ አይበቃም፤ ወራት በግልባጭ የሠራ ካፓሲተር አይታመንም። ስምንቱንም የፓምፕ ካፓሲተሮች በሴራሚክ መተካት ይሻላል፤ ሴራሚክ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ስለሌለው የምልክቱ ጉዳይ ያኔ ያበቃል። 1 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት ይሁን፤ ሴራሚክ ቮልት ሲጫነው አቅሙ ስለሚቀንስ የ16 ቮልቱን ተዉት። ከቁራሌ ቦርድ ነቅሎ መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም 104 የሚል ከሆነ 0.1 ማይክሮፋራድ ነው፣ የሚፈለገው 105 ነው። 104 የሚበቃው በስሙ መጨረሻ ኤ ያለበት ማክስ232ኤ ከሆነ ብቻ ነው።

አሮጌውን በፒንሳ ከላይ ቆርጦ እግሮቹን አንድ በአንድ ማውጣት ቀዳዳውን ያድናል። የግራውንዱ እግር ሙቀት ስለሚጠጣ አዲስ ሊድ ጨምሮ ማሞቅ ነው፤ በጉልበት ከተሳበ የቀዳዳው ሽፋን አብሮ ይመጣል። ተመልሶ ሲሰካ በቴስተር ከመጀመሪያው ማክስ232 ፒን 15 (ግራውንድ) ወደ ፒን 6 ይለካ፤ 8 አካባቢ ኔጋቲቭ መሆን አለበት። ይህም ብቻውን አያሳምን። ሶኬቱ ላይ በፒን 3ና በፒን 5 መካከል 3.3 ኪሎኦም ሬዚስተር ገብቶ እንደገና ይለካ፤ ጭነት ላይ ከ5 ቮልት ያነሰ ኔጋቲቭ ከታየ ካርዱ ገና አልዳነም። ሻጩ ሎፕባክ (ያን ፒን 2ና 3 የማገናኘት ሙከራ) ከሚያስተምር ይህችን አንድ ሬዚስተር በኪቱ ውስጥ ቢጨምር ምን ነበረበት?

«የኔ ካርድ እኮ ኔጋቲቭ 12 አይፈልግም» ይላል ደግሞ፣ እንደ ትልቅ ነገር። ማን ከለከለው? አይሳ ስሎት ቢ7 ላይ ኔጋቲቭ 12፣ ቢ9 ላይ ፖዘቲቭ 12 ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ከፓወር ሳፕላዩ የሚመጣው ሰማያዊ ሽቦ ኔጋቲቩ ነው። 75232 የሚባለው አንድ አይሲ ሦስት ላኪና አምስት ተቀባይ አለው፤ ለባለ ዘጠኝ ፒን ሶኬት ልክ የሚበቃው ይህ ነው፣ የፓምፕ ካፓሲተር የሚባል ነገር የለበትም። እዚህ ግን ሁለት ማክስ232 ተደርድረው ተቀባያቸው አራት ብቻ ስለሆነ ፒን 9 ባዶ ቀርቷል። የስልክ ጥሪ የሚጠብቅ ሞደም ለሌለው ሰው ይህ አያስከፋም፤ ግን ስምንት ካፓሲተር አስበይዶ ጎዶሎ መስጠት ምን ይሉታል?

እመልሰው ይሆን? አልመልሰውም። እውነተኛ 16550፣ በጃምፐር የሚመረጥ አድራሻና አይአርኪው (ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር)፣ ሶኬት ላይ የተቀመጡ አይሲዎች፤ ሴራሚክ ከገባለት ወዲህ ሚዛኑም ይሰማል፣ የፈዘዘው ማውስም ነቅቷል። ተናድጄ ስጽፍ ግን ያው ነኝ። ዳግም ከገዛሁ ባዶ ቦርዱንና ዩአርቱን ብቻ እንጂ የካፓሲተሩን ከረጢት አልፈልግም።

ያለው ኤሌክትሮላይቲክ ብቻ ሆኖበት በዚያው ለመቀጠል የሚገደድ ካለ፣ አዲስ ካፓሲተር ይያዝና ከምልክቱ በተቃራኒ የሚበየደው የመጀመሪያው ማክስ232 የፒን 6 ካፓሲተር ብቻ ነው። የሁለተኛውን አትንኩት፣ እሱ ትክክል ነው።