ሉድዊግ ሱፕራፎኒክ 400፦ የ70ዎቹን ስኔር ድሬዳዋ ላይ ለወራት ስመታው

ብዙ ሰው ስለዚህ ስኔር (ከታችኛው ቆዳው ስር ሽቦ የተወጠረበት ከበሮ ነው) ሲጠይቀኝ የሚጀምረው ከድምፁ አይደለም። "የስንት ዓመት ነው? በምን አወቅህ?" ነው የሚለኝ። ስለዚህ እኔም ከዚያው ልጀምር። ድምፁ ይደርሳል።

ዕቃው ሉድዊግ የተባለው የአሜሪካ ድራም ሠሪ ያወጣው ሱፕራፎኒክ 400 ነው። ስፋቱ 14 ኢንች፣ ጥልቀቱ 5 ኢንች። የገዛሁት እዚሁ ድሬ፣ በሆቴል ባንዶች ውስጥ ዕድሜያቸውን ሲመቱ ከኖሩ አንድ አንጋፋ ድራመር ነው። ሲያስረክቡኝ "ልጄ፣ ይኼ በጃንሆይ ጊዜ በባቡር ከጅቡቲ የገባ ነው፤ አደራ" አሉኝ። "እሺ ጋሼ" ብዬ ተቀበልኩ። ድሬ ላይ አሮጌ የሙዚቃ ዕቃ ሁሉ የጃንሆይ ዘመን ይባላል። አያስገርምም። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1902 ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ነው። ከባህር ማዶ የመጣ ነገር ብዙው ያለፈው በዚያ ሐዲድ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ግን ድራሙ ራሱ ይናገራል። ማድመጥ ነው እንጂ።

መጀመሪያ የሚታየው ጎኑ ላይ ያለችው የብረት ምልክት ናት። ሉድዊግ በ60ዎቹ የሚለጥፈው ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ቅርጽ ያለውን ምልክት ነበር። ኪስቶን ይሉታል። የ70ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያ ቀርቶ ሰማያዊና የወይራ አረንጓዴ ቀለም ያለው ባለ አራት ማዕዘን መጣ። የእኔ ይኼኛው ነው። ማዕዘኖቹን በጥፍር ሲነኩት ሹል ናቸው። ይቺ ትንሽ ነገር ትልቅ ማስረጃ ናት፤ ምክንያቱም ወደ 80ዎቹ ሲጠጋ ማዕዘኖቹ ክብ ሆነዋል። ምልክቱ ላይ "ቺካጎ" የሚል ጽሑፍም አለ። ኩባንያው በ1981 ለሌላ ድርጅት ተሽጦ፣ ኋላም ሥራው ወደ ሰሜን ካሮላይና፣ ሞንሮ ወደምትባል ከተማ ሄዷል። ስለዚህ ሹል ማዕዘን ከቺካጎ ጋር ሲገናኝ፣ ነገሩ 70ዎቹ ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚሮጥበት ምልክቷ ላይ የታተመው ቁጥር ነው። ሉድዊግ ቁጥር ማተም የጀመረው በ60ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ፣ ከ1963 ወዲህ ነው። በየካቲት 1964 የቢትልስ ባንድ ድራመር ሪንጎ ስታር አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ በሉድዊግ ድራም ሲታይ ፈላጊው ጎርፍ ሆነ፤ ፋብሪካው ሌት ተቀን ይሠራ ነበር። ቁጥር ያለባቸው ምልክቶች ከሳጥን እየተዘገኑ፣ የተገኘው እየተነሣ ነው የሚለጠፉት። ቅደም ተከተል የሚባል ነገር የለም። አንድ ቁጥር ከሌላው ስለበለጠ ብቻ ያ ድራም በኋላ ተሠራ ማለት አይቻልም። ቁጥሩ የሚጠቅመው በጅምላው ነው። የእኔ ሰባት አኃዝ አለው፤ ሰባት አኃዝ ላይ የተደረሰው ደግሞ በ70ዎቹ ነው። ከማዕዘኑ ጋር ይስማማል፤ በቃ። ቁጥሩን ብቻ ይዞ "የ1973 ነው" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ዓመቱን ሳይሆን ዕቃውን ተመልከቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያቺ ምልክት የምትያዘው በአየር መውጫው ቀዳዳ በኩል በምታልፍ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቷ ከውስጥ በኩል ተፈልቅቃ፣ ተሰንጥቃ ወይም በሙጫ ተይዛ ከሆነ ምልክቱ ከሌላ ድራም የመጣ ሊሆን ይችላል። እኔ የታችኛውን ቆዳ አውልቄ በስልኬ መብራት አየኋት። ከውስጥ እኩል ተገልብጣ የተቀጠቀጠች ናት፤ ጭረት የለባትም። ማንም አልነካትም።

ሦስተኛው ሰውነቱ ነው። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። ቆዳውን የሚይዙት የላይና የታች ቀለበቶች ላይ ጥብቅ ብሎ ያዘ፤ እነሱ ብረት ናቸው። ሰውነቱ ላይ ግን ይንሸራተታል። ማግኔት የማይዘው ወይ ናስ ነው ወይ አሉሚኒየም። የመጀመሪያዎቹ ሱፕራፎኒኮች በክሮም የተለበጡ ናስ ነበሩ፤ ከ1963 አካባቢ ወዲህ ሉዳሎይ ወደሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ዞረዋል። የእኔ በአንድ እጅ ሲያነሱት ቀላል ነው፤ አሉሚኒየም ነው። መሃሉ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ጉብታ አለ፣ መገጣጠሚያ መስመር የለም፣ የቆዳ ማጥበቂያ ቡሎኖቹ የሚገቡባቸው ቤቶች 10 ናቸው። ስምንት ቢሆኑና ክሮም ባይኖረው አክሮላይት የሚባለው የተማሪዎች ሞዴል ነው። እሱም ጥሩ ድራም ነው፤ ሱፕራፎኒክ ብሎ መሸጥ ግን አይቻልም።

የሽቦ ማጥበቂያው እጀታም የራሱን ይላል። የእኔ ላይ ያለው ፒ 83 የሚባለው ነው፤ ኋላ በፒ 85 ተተክቷል። ሁሉንም ስደምራቸው ድራሙ የ70ዎቹ ነው። የጋሼ ታሪክስ? ጃንሆይ ከዙፋን የወረዱት በመስከረም 1974 ነው። ስለዚህ ድራሙ የእሳቸው ዘመን ከሆነ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ዓመታት ላይ ነው የደረሰው። ታሪኩን እወደዋለሁ፤ ለብቻው ግን ዋጋ አይጨምርም። እኔ የከፈልኩት ለሰውነቱ ነው።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ።

ድሬ ሙቀቷን ታውቋታላችሁ። አቧራዋንም። የዚህ ድራም ትልቁ ድክመት ደግሞ ክሮሙ ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው በስስ ኦክሳይድ ይሸፈናል፤ ክሮም በእሱ ላይ አጥብቆ አይጣበቅም። ከዓመታት በኋላ ነቁጥ ነቁጥ ይላል፣ ከዚያ ይነሳል። እኔ ስረከበው ሽቦው በሚያርፍበት የታችኛው ጠርዝ አካባቢ ቅርፊቱ ተነስቶ ነበር። ከወራት በኋላም እጄ በሚያርፍበት በኩል አዳዲስ ነቁጦች ወጥተዋል። የላብ ጨው ነው። ሰርግ ድንኳን ውስጥ ማታ ሙሉ መትቶ ላቡን ሳይጠርጉ መያዣው ውስጥ መክተት ለዚህ ድራም መርዝ ነው። ስጨርስ በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ሳሙናም የሚፈጭ ነገርም አላስነካውም። የተነሣው ክሮም ጣት ይቆርጣል፤ ተጠንቀቁ። ለድምፁ ግን ምንም አያደርገውም። ስለዚህ ገዢ ሆናችሁ ስትሄዱ ነቁጡን ለዋጋ መደራደሪያ አድርጉት እንጂ አትሽሹ።

ሙቀቱ ሌላ ነው። ቀን ድንኳን ስር የፕላስቲኩ ቆዳ ትንሽ ይላላል፤ ማታ ነፋሱ ሲመጣ ይጠብቃል። ከሰዓት በቁልፍ ያስተካከልኩት ድምፅ ምሽት ላይ ሽቅብ ወጥቶ አገኘዋለሁ። አሥሩ ቡሎኖች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። ጠርዙ ላይ ያለው ጫና እኩል ስለሚከፋፈል ሁሉንም በትንሽ በትንሹ ማላላት ይቻላል፤ ስምንት ባለው ላይ አንዱን ሲነኩ ሌላው ይረበሻል።

በእጅጉ ያስቸገረኝ የሽቦው እጀታ ነው። ችክችካ ሲፋፋም እጀታው ራሱን ያላላል፤ ዘፈኑ መሃል ሽቦው ይርቅና ስኔሩ ወደ ቶም፣ ሽቦ ወደሌለው ከበሮ፣ ይለወጣል። ብሎኑን አጥብቄ፣ ከስሩ ቀጭን የላስቲክ ሮንዴላ አደረግሁበት። አሁን ይይዛል። በውስጥ ያለው የማፈኛ ጨርቅ ደግሞ ይንቀጫቀጫል፤ ጨርሶ ወደ ኋላ መልሼዋለሁ። ማፈን ሲያስፈልገኝ ከላይ ቁራጭ ቴፕ እለጥፋለሁ።

አንድ ቡሎን ጎድሎት ነበር። ይኼ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል። የአሜሪካ ድራም ቡሎን ጥርስ 12-24 የሚባለው የኢንች ልክ ነው። ከብረታ ብረት ሱቅ የሚገዛ የሚሊሜትር ቡሎን አይገባም፤ በጉልበት ካስገቡት ደግሞ ውስጡን ይበላዋል፣ ቤቱም ያበቃለታል። እኔ ድሮ ሸሚንደፈር ወርክሾፕ ወደሠሩ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ወሰድኩት። ሌላውን ቡሎን ለናሙና ሰጠኋቸው። ጥርሱን በመለኪያ ቆጥረው፣ "ይኼማ የኢንች ነው፣ ነገ ና" አሉኝ። ያወጡት ቡሎን ክሮም የለውም እንጂ እንደ ቅቤ ነው የሚገባው። ድሬ እንዲህ ያለ እጅ ያላት ከተማ ናት።

ድምፁስ? ይኼን ያህል የታገስኩለት ስለ ድምፁ ነው። ምቱ ጥርት ያለ ነው፤ ጩኸት ግን የለውም። እዚህ በአንድ ሌሊት ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ይዘፈናል። ድሬ የአሊ ቢራ ከተማ ናት፤ ተጨፋሪውም ምቱን ያውቃል፣ የሞተ ስኔር ሲሰማ ይበርድበታል። በችክችካ መሃል ስቲኩን ቆዳው ላይ ጣል የማደርጋቸው ለስላሳ ምቶች አሉ፤ በቀድሞው ስኔሬ ላይ ይዋጡ ነበር። በዚህኛው እያንዳንዷ ትሰማለች። ጠርዙን ጨምሬ ስመታ ደግሞ ድንኳኑን ያለ ማይክ ይሞላዋል። መብራት ጠፍቶ ኪቦርዱ ዝም ባለበት ምሽት ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ይዘን ጭፈራው አልተቋረጠም። ዝቅ ተደርጎ ሲቃኝ ጠለቅ ይላል፤ ግን ወፍራም ድምፅ ዋና ምርጫው የሆነ ሰው 6.5 ኢንች ጥልቀት ያለውን 402 ይፈልግ። የሌድ ዘፔሊኑ ጆን ቦናም ይመታው የነበረው እሱን ነው።

የላይኛው ቆዳ ነጭ ቅብ ያለው ተራ 14 ኢንች ነው። የታችኛው ግን የግድ ለስኔር የሚሠራው ስሱ መሆን አለበት። ሽቦውንም በአዲስ ባለ 20 መስመር ቀይሬዋለሁ። ለውጡ ወዲያው ይሰማል። ያረጀና የተጣመመ ሽቦ ይዞ "ይኼ ድራም ሞቷል" የሚል ሰው ብዙ አለ፤ ድራሙ ግን ደህና ነው።

ልትገዙ ስትሄዱ ማግኔት፣ የድራም ቁልፍና ትንሽ መብራት ያዙ። ባለቤቱ ከፈቀደ ሁለቱንም ቆዳ አውልቁና ሰውነቱን ጠፍጣፋ መስታወት ወይም እብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። መብራቱን ከውስጥ አብርታችሁ ከውጭ በጠርዙ ስር ተመልከቱ። ከታች በኩል ሽቦው የሚያርፍባቸው ሁለቱ ዝቅ ያሉ ቦታዎች ላይ ብርሃን ይወጣል፤ እነሱ ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው። ሌላ ቦታ ላይ ከወጣ ግን ድራሙ ወድቆ ተጣሟል፤ የቱንም ያህል ምልክቱ ቢያምር ተዉት።

የማይሠራ ክፍል ከቀየራችሁ ደግሞ አሮጌውን አትጣሉ። እኔ ፒ 83ቱን አንድ ቀን በአዲስ እጀታ መተካቴ አይቀርም፤ ቀዳዳው የሚገጥም ካገኘሁ ብቻ፣ ሰውነቱን አልበሳም። አሮጌውን ከነብሎኑ በላስቲክ ጠቅልዬ ከድራሙ መያዣ ኪስ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ከእኔ በኋላ የሚረከበው ሰው ዕድሜውን የሚያውቅበት አንዱ ማስረጃ እሱ ነው።