ሲስተር፣ ወንድሜ አሁን ውሃ ይጠጣል

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ከመስቀል ጀምሮ ሳስብ ቆየሁ። ወንድሜን የረዳችው ነርስ፣ እኛ ሲስተር የምንላት፣ ስሟን እንዳልጠቅስ አደራ ብላኛለች። አደራዋን እጠብቃለሁ። ሳላመሰግናት መቅረት ግን አልቻልኩም። ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ አከርካሪውን ተጎድቶ የተኛ ሰው ያላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ አናጺ ነው። አማኑኤል አካባቢ የሰው ቤት ቆርቆሮ ሲመታ ከጣሪያ ወደቀ። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳው ከሁለቱ የትከሻ አጥንቶቹ መሀል ላይ ነው። እጆቹ ደህና ናቸው። ከደረቱ በታች ግን አይሰማውም፣ አይንቀሳቀስለትም።

ከሆስፒታል ስንወጣ ስለ እግሩ ብዙ ነገር ተነገረን። ሽንቱ በቱቦ ወደ ከረጢት ነበር የሚወርደው፤ ስለ እሱ የተነገረን «ቱቦው እንዳይወጣ ተጠንቀቁ» የሚል ብቻ ነው። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጽፍም። ባለሙያዎቹ በበሽተኛ ተጨናንቀው እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ያ ያልተነገረን ነገር ወንድሜን ሊያሳጣን ነበር።

ቤት ከገባን በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ጠያቂ ሲመጣ ወንድሜ የሽንት ከረጢቱን ጋቢው ስር ይደብቀዋል። ሆዱ ላይ አስቀምጦት የሚውልበት ቀን አለ። ቀስ በቀስ ደግሞ ውሃ መጠጣት ተወ። ካልጠጣ ከረጢቱ አይሞላም፤ ካልሞላ እናታችን ሰው ፊት ይዛው አትወጣም። ሽንቱ እየጠቆረ፣ እየሸተተ ሄደ። በሸተተ ቁጥር እኔ ፋርማሲ ሄጄ ሲፕሮ የሚባለውን የጀርም መድኃኒት እገዛለሁ። እንደዚህ ሦስት ወር ከረምን።

አንድ ማታ ራሱን ያዘው። እንዲህ ያለ ራስ ምታት አይቼ አላውቅም። ፊቱ በርበሬ መሰለ፣ ከደረቱ በላይ ላብ በላብ ሆነ። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችው። ጎረቤት ጠበል ይዞ መጣ። እኔ አንድ የማውቀው ፋርማሲ የሚሠራ ልጅ ጋ ደወልኩ። እሱ ነው የሲስተርን ቁጥር የሰጠኝ። ሰዓቱ ከምሽቱ 4 አልፎ ነበር። ሰው የማያውቀውን ስልክ በዚያ ሰዓት አያነሳም፤ እሷ አነሳች።

ስለ ራስ ምታቱ ገና ሳልጨርስ «የሽንት ቱቦ አለው?» አለችኝ። አዎ ስላት «ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እግሩን ወደ ታች አውርዱት፣ ቀበቶና የሚያጠብቅ ልብስ ፍቱለት። ከዚያ ቱቦውን ከሰውነቱ ጀምረሽ እስከ ከረጢቱ በእጅሽ ተከተይው» አለች። ተከተልኩት። ታፋው ስር ታጥፎ ተጨፍልቆ አገኘሁት። ሳቃናው ሽንቱ እንደ ምንጭ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ «እታለም፣ ለቀቀኝ» አለ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሲስተር ስልኩን አልዘጋችም ነበር። ቱቦውን አቃንተንም ባይለቀው ኖሮ በሌሊት መኪና ፈልገን ወደ ሆስፒታል መብረር ነበረብን አለችኝ። በኋላ እንዳስረዳችን፣ ጉዳቱ ከደረት አጋማሽ በላይ ለሆነ ሰው የሞላ ፊኛ ቀልድ አይደለም። ሰውየው ፊኛው መሙላቱ አይሰማውም፤ ሰውነቱ ግን ያውቀዋል። ደም ግፊቱ በድንገት ይተኮሳል፣ ጭንቅላት ውስጥ ደም እስከማፍሰስ ሊደርስ ይችላል። ምች እየመሰለን ስንት ሰው ሞቶብን ይሆን ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

በማግስቱ ከማርቆስ ሚኒባስ ይዛ መጣች። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ የመጣችው በእረፍት ቀኗ ነው። ቡና ተፈላ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። አልተቆጣችውም፣ አላባበለችውምም። ወንበሯን አልጋው አጠገብ ስባ «ቆርቆሮ ስትመታ ምስማር ስንት ቁጥር ነው የምትጠቀመው?» አለችው። ዞረ። ስለ ሥራው ብዙ አወሩ። ከዚያ በእሱ ቋንቋ ቧንቧውን አስረዳችው። ፊኛው መሙላቱን ለአንጎል የሚነግረው መስመር ተቆርጧል። ፊኛው በራሱ ጊዜ ይጨመቃል፣ በሩ ግን እሺ ብሎ አይከፈትም። መውጫ ያጣ ሽንት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ኋላ ያለው ኩላሊት ነው።

ያን ቀን ብዙ ስህተታችንን አረመች። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ መንጠልጠል አለበት፤ ወለል ግን አይነካም። ሆዱ ላይ ሲቀመጥ ሽንቱ ተመልሶ ይገባል። ቱቦው እንዳይጎተት ታፋው ላይ በፕላስተር ይያዛል። ከረጢቱ ከግማሽ ብዙ ሳያልፍ ይደፋል። ሲፕሮውንም አስጣለችኝ። ቱቦ ያለው ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ሁሌም ይገኛል፤ ሽንቱ ስለሸተተ ብቻ መድኃኒት መዋጥ ጀርሙን ማጀገን ነው አለች። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ እግሩ ከወትሮው የበለጠ መንዘፍዘፍ፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ከታየ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ መድኃኒቱም ሽንቱ ከተመረመረ በኋላ ይታዘዛል። ውሃ ደግሞ በቀን ሁለት ሊትር ያህል፣ ሐኪም ካልከለከለ በቀር።

ትልቁ ነገር የመጣው በኋላ ነው። ማርቆስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችን፣ ኩላሊቱ በአልትራሳውንድ ታየ። ሐኪሙ ሲፈቅድ የተቀመጠው ቱቦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በቀን አምስት ጊዜ ራሱ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ሽንቱን አውጥቶ፣ ቱቦውን መልሶ ያወጣል። ቱቦው ኔላቶን ይባላል። የእሱ ውፍረት 14 ቁጥር ነው፣ ጫፉ አረንጓዴ።

እናቴ መጀመሪያ አልዋጠላትም። «ሆስፒታል በጓንት፣ በስንት ጥንቃቄ የሚሠሩትን፣ በዚህ ጭስ ቤት?» አለች። እውነቷን ነው፣ እኔም ያሰብኩት እሱን ነው። ሲስተር ጃክ ላፒደስ ስለሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነገረቻት። በፈረንጆቹ 1972 እሱና ባልደረቦቹ፣ በሳሙና የታጠበ እጅና ንጹህ ቱቦ እንደሚበቃ ጽፈው አሳዩ። የኦፕሬሽን ክፍል ያህል ንጽህና የግድ አይደለም። ፊኛውን ይበልጥ የሚጎዳው ሳይተነፍስ ተወጥሮ መቆየቱ ነው። «እናቴ፣ ሰዓቱን አታሳልፉ እንጂ ቤትዎ ይበቃል» አለቻት። እናቴ ይቺን ቃል ለመጣ ለሄደው ሁሉ ትናገራለች።

መለኪያ አልነበረንም። ሲስተር የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አፉን በመቀስ ቆርጣ ሰጠችው። በአንድ ጊዜ የወጣው ይህን ሞልቶ ካለፈ ሰዓቱን አርዝመሃል ማለት ነው፣ ቶሎ ቶሎ አድርገው። ወንድሜ ስልኩ ላይ ደወል ሞላ። ጠዋት 12፣ 5 ሰዓት፣ 10 ሰዓት፣ ማታ 3፣ ሌሊት 8። የሌሊቱ ከባድ ነው። ግን አንድም ቀን አላሳለፈም።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። እኛን አስወጣችን። በሩ ላይ ቆሜ ድምጿን እሰማለሁ። «እጅህን ታጠብ። በመጀመሪያ እጅህን። ጄሉን ቀባው። ቀስ። እምቢ ካለህ በግድ አትግፋ፣ በረጅሙ ተንፍስ፣ ጠብቀው።» ዝም ሆነ። ከዚያ ሃይላንዱ ውስጥ ሽንት ሲወርድ ተሰማኝ። «ወጣ» አለ ወንድሜ። ከወደቀ ጀምሮ ድምጹ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

ስለ ቱቦው መታጠብ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልጻፍ። ማሸጊያው ላይ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይላል። ሲስተርም መጀመሪያ የነገረችን ይህንኑ ነው፤ የቻለ ሰው ሁልጊዜ አዲስ ይጠቀም። እኛ በቀን አምስት አዲስ መግዛት አንችልም። ስለዚህ ለእኛ ያሳየችንን እናደርጋለን። እንደተጠቀመ ወዲያው ውስጡንም ውጭውንም በሳሙና ያጥባል፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ያለቀልቃል፣ ውሃውን አራግፎ ንጹህ ፎጣ ላይ ያደርቃል፣ ክዳን ያለው እቃ ውስጥ ያስቀምጣል። ከጠነከረ፣ ከሻከረ ወይም ከተሰነጠቀ ይጣላል። የአንዱን ቱቦ ለሌላ ሰው መስጠት ጨርሶ አይሆንም። እናንተ ግን ከእኔ ጽሁፍ ብቻ ተነስታችሁ እንዳትጀምሩ። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ሲያስገባም ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ ያስተምረው።

ዛሬ ወንድሜ የሽንት ከረጢት የለውም። ውሃ ይጠጣል፣ ጠላ ሲቀርብለትም አንድ ብርጭቆ ይቀምሳል። በጥር ማኅበራችን እኛ ቤት በነበረ ጊዜ ተሸከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ከሰው ጋር ዋለ። 10 ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። «መጣሁ» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ፣ ተመለሰ፣ ወሬውን ቀጠለ። ማንም ምንም አላለም። እናቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን አየኋት።

ሲስተር ከእኛ የተቀበለችው የሚኒባስ ብቻ ነው። እናቴ ዶሮና እንቁላል ይዛላት ብትሄድ እንቁላሉን ብቻ ተቀብላ መለሰቻት። አሁንም በየጊዜው ትደውልለታለች። ኩላሊቱ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲታይ ቀኑን የምታስታውሰው እሷ ናት።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አስፈቅጃት ቁጥሯን እሰጣችኋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ይመቻታል። ትኩሳት ያለበትን ሰው ግን ቤት መጥታ አታክምም፣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው የምትልከው። እሱን እወቁላት።

አንድ ልመና አለኝ። ኔላቶን ማርቆስ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል። ከአዲስ አበባ ወይም ከባህር ዳር የምትመጡ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካላችሁ ያዙልን። ሲስተር ቱቦ የጨረሱ ሰዎችን የምትመዘግብበት ደብተር አላት፣ ባለፈው ሳምንት ሳየው ሦስት ሰው ነበር። ሁለቱ ወንዶች 14 ቁጥር ነው የሚጠቀሙት። ብቸና ላለችው እህታችን 12 ቁጥር ነው፣ ጫፉ ነጭ የሆነው።