ላ ፒጓ፣ ካምፔቼ፦ ፓን ዴ ካሶን በወጉ ሲሠራ

በሜክሲኮዋ የካምፔቼ ከተማ ያለው የዓሣ ምግብ ቤት ላ ፒጓ ከከተማዋ የጥንት ግንብ ውጭ ስለሆነ ብዙ ጎብኚ ሳያየው ይመለሳል። የባሕሩ በር ከሆነው ከፑዌርታ ዴ ማር ተነስታችሁ ካዬ 8ን (8ኛውን መንገድ) ይዛችሁ ወደ ሳንቲያጎ ምሽግ ሂዱ፤ ምሽጉን እንዳለፋችሁ ሚጌል አሌማን ጎዳና ላይ ታገኙታላችሁ። በእግር አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግንቡን ግን ቀደም ብላችሁ በጠዋት ጨርሱት። ወንበዴዎች በ1685 ከተማዋን ከዘረፉ በኋላ በ1686 ተጀምሮ በ1704 ያለቀው ይህ ግንብ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አናቱ ላይ ጥላ የሚባል ነገር የለውም። የየብሱ በር በሆነው በፑዌርታ ዴ ቲዬራ በኩል ግንቡ ላይ የሚወጣ ሰው ቀትር ላይ ይቃጠላል።

ምሳ በዚህ አገር ዋናው ማዕድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ። አዳራሹ የጥንቱን የማያ ቤት ሞላላ ቅርጽ የተከተለ ነው፤ በመስታወቱ ግድግዳ በኩል ውጭ ያለው አትክልት ይታያል።

መጀመሪያ የሚታዘዘው ፓን ዴ ካሶን ነው። ካሶን ማለት ትንሽ ሻርክ ነው። ሥጋው በጨውና ኤፓሶቴ በሚባለው ሽታው ጠንካራ በሆነ ቅጠል ይቀቀላል፣ ውኃው ተጨምቆ ይወጣል፣ ከዚያ ተፈርፍሮ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር ይጠበሳል። የበቆሎ ቶርቲያው (ስስ ቂጣው) በትኩሱ ቲማቲም ሱጎ ውስጥ ገባ ብሎ ይወጣል፤ በላዩ የተፈጨ ጥቁር ቦሎቄ ይቀባል፣ ዓሣው ይደረጋል፣ ሌላ ቶርቲያ ይደረብበታል። ሦስት ወይም አራት ድርብ ሲሆን ሱጎ ይፈስበትና ሃባኔሮ የሚባል አንድ ሙሉ ቃሪያ አናቱ ላይ ይቀመጣል። ቃሪያው ለመዓዛ ነው፤ በሹካ ከተወጋ ሳህኑ በሙሉ ያቃጥላል፣ ከሚጥሚጣም ይብሳል። ካልለመዳችሁት ገና ሲቀርብ አንሡት።

ምግቡ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። ዓሣው በደንብ ካልተጨመቀ ወይም ቦሎቄው ከቀጠነ ቶርቲያው ይርስና ድርቡ ይፈርሳል። ጥሩው በሹካ ጎን ሲቆረጥ ድርቦቹ ተለይተው ይታያሉ። ሁለተኛውና የባሰው የአሞኒያ ሽታ ነው፤ የሻርክ ሥጋ ውስጥ ያለው ዩሪያ ሲያድር ወደ አሞኒያ ስለሚለወጥ፣ ሽንት የሚሸት ካሶን የትም ብታገኙ ሳትቀምሱ መልሱት።

አሳማ የማይበላ ሰው ሳይጠይቅ እንዳያዝ። በዚህ አካባቢ ቦሎቄ ብዙ ጊዜ የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው። «ሎስ ፍሪሆሌስ ዬቫን ማንቴካ?» (ቦሎቄው የአሳማ ስብ አለው ወይ?) በሉ፤ «ሲ» (አዎ) ካሉ ያለ ቦሎቄ የሚሠራ ሌላ ዓሣ ምረጡ።

ቤቱ ስም ያወጣው ግን በኮኮናት ሽሪምፕ ነው። ትላልቅ ሽሪምፖች በተፈቀፈቀ ኮኮናት ተለብጠው ይጠበሳሉ፣ ከፖም ማጥቀሻ ጋር ይቀርባሉ። ቀላል ቢመስልም የዘይቱ ሙቀት ይወስነዋል፤ ሲበዛ የኮኮናቱ ስኳር ሽሪምፑ ሳይበስል ያርራል፣ ሲያንስ ዘይት ይጠጣል። ለሁለት ሰው አንድ ሳህን ሽሪምፕና አንድ ፓን ዴ ካሶን በቂ ነው። ለመክፈቻ በካሶን የተሞላው ሽካቲክ፣ ያ ፈዛዛ ቢጫ ረጅም ቃሪያ፣ እጅግ ደስ ይላል፤ ከፓኑ ጋር አብሮ ማዘዝ ግን አንዱን ዓሣ ሁለቴ መብላት ነው። የኦክቶፐስ ማጥመጃ ወቅት ከነሐሴ መባቻ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ (በፈረንጅ ወር) ስለሆነ በዚያ ጊዜ ከመጣችሁ ትኩስ እንዳለ ጠይቁ። ለመጠጥ «ሃማይካ» ብትሉ ከርከዴ ነው የሚመጣላችሁ።

ሒሳብ ካልጠየቃችሁ አይመጣም፤ አስተናጋጁ ረስቷችሁ ሳይሆን ማባረር እንዳይመስልበት ነው። «ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቮር» በሉ። ጉርሻ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሰጣል፤ ሒሳቡ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ግን መጀመሪያ እዩ። ማታ ከራባችሁ ሳን ፍራንሲስኮ ሰፈር ያሉት ፖርታሌሶች (ባለ ቅስት በረንዳዎች) ሥር ፓኑቾ የሚባል የተሞላ ቶርቲያ አለ፤ እሱም ውስጡ ቦሎቄ ስለሆነ ስለ ስቡ እዚያም ጠይቁ።